የንግድ ባንክ ሴቶች ድልና የይፋት ቆላ የኳስ ሜዳ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም በተካሄደው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦች የፍጻሜ ግጥሚያ የኬንያ ፖሊስን ቡድን 1 ለ 0 አሸንፎ የዞኑ ሻምፒዮን መሆኑ ይታወሳል። ድሉ በአንድ ቀን የተገኘ ባለመሆኑ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቆላ ለሚገኙ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሦስተኛ መነሣት

የዞኑ አሸናፊ በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ይሳተፋል። ንግድ ባንክ ይህን ዕድል ለማግኘት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ቢደርስም በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኡጋንዳ ላይ በታንዛኒያው ጄ.ኬ.ቲ. ኩዊንስ በመለያ ምት 5 ለ 4 ተረታ። ያም ሆኖ ቡድኑ አልተበተነም። ልምምዱን ቀጥሎ በዓመቱ በአገሩ ሜዳ ዋንጫውን አነሣ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ውድድር ከምድቡ ባያልፍም፣ ከአህጉሩ ስምንት ምርጥ ክለቦች አንዱ ሆኖ ተሰልፏል።

በ2013ቱ ውድድር 13 ግቦችን አስቆጥራ በግብ አግቢነት አንደኛ የወጣችው ሎዛ አበራ የተወለደችው በከምባታ ዱራሜ ነው። ችሎታ ከዋና ከተማ ብቻ የሚበቅል አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መሬቱና ሰዓቱ

ለአዋቂዎች ግጥሚያ የሚሆን ሜዳ ቢያንስ 90 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል። ይህም 4,050 ካሬ ሜትር ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት አለካክ ከአንድ ጥማድ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ለልጃገረዶች ልምምድ ግን ከዚህ ያነሰም ይበቃል። ማሽላ የታጨደበትን ማሳ እንዲሁ ለጨዋታ መስጠት አይገባም፤ የአገዳው ጉቶ እግር ይወጋል። ከትምህርት ቤት ግቢ ወይም ከወል መሬት ላይ ድንጋዩና እሾሁ ተለቅሞ አንድ ቦታ ቢከለል ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። የቆላው ሙቀት ከባድ በመሆኑም ልምምዱ በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ከመሬቱ ይልቅ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ሴት ልጅ ከትምህርት ስትመለስ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናናሾቿን መያዝ ይጠብቃታል። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ግሪሳ ወፍ እንዳይፈጀው ማማ ላይ ወጥቶ መጠበቅ አለ። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ የእሱም ሥራ በእሷ ላይ ይደረባል። ስለሆነም ሜዳ ተከልሎ ሰዓት ካልተሰጣት ሜዳው የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን በጠቅላላ ስብሰባ አንሥተው ከወላጆች ጋር ሊመክሩበት ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው ለልጃገረዶች ብቻ እንዲሆን መወሰን፣ በእነዚያ ቀናት ውሃውን ወንድሞች እንዲቀዱ ማስማማት፣ ልጆቹ ሳይመሽ ተሰባስበው እንዲመለሱ ኃላፊነት የሚወስዱ ሴቶች መመደብ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ልጁን የሚልክ ወላጅ መተማመኛ ይፈልጋል፤ ይህንንም ሊሰጠው የሚችለው በአካባቢው የሚሰማ ሰው ነው። መሪው የራሱን ልጅ ቀድሞ ወደ ሜዳ ቢልክ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያሳምናል።

አንድ ቡድን ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ ሦስተኛውን ለማሸነፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። በአንድ ክረምት ውጤት አልታየም ብሎ ሜዳውን መልሶ ማረስ ስለማይበጅ፣ ዛሬ የሚከለለው ቦታ ለነገዎቹም ልጃገረዶች ተጠብቆ እንዲቆይ ማድረግ የመሪዎች ድርሻ ነው።