በመስታወት ገንዳ ውስጥ ስለሚንሳፈፉ የውኃ ተክሎች

ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ለልጆችም ለወላጆችም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች የመስታወት ገንዳ ገዝተው፥ አምስት ስድስት ዓሦች ጨምረው፥ ወር ሳይሞላ ባዶውን ገንዳ ወደ ዕቃ ቤት ሲመልሱት ይታያል። መጀመሪያ ውኃው ይደፈርሳል፤ ቀጥሎም አረንጓዴ ይሆናል፤ በመጨረሻም አንድ ማለዳ ዓሣው በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል። ልጁም አባቱን «ምን ሆኖ ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባትም የሚመልሰው ሲያጣ «ዕድሜው ደርሶ ነው» ብሎ ነገሩን ያልፈዋል።

እኔም ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ ይሆናል ብዬ በክፍል ውስጥ ባቆምሁት ገንዳ ይኸው ነገር ደርሶብኝ፥ ለልጆቹ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር። መልሱ ግን እውነት አልነበረም። ዓሦቹ የሞቱት በእኔ አለማወቅ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትንና በእጄ የሞከርሁትን፥ ይልቁንም በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፉት ተክሎች፥ ለአንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

ዓሣ በሚኖርበት ውኃ ውስጥ ይበላል፤ እዚያው ይተነፍሳል፤ የሰውነቱንም ቆሻሻ እዚያው ይጥላል። ስንጥብ በሚባለው የመተንፈሻ አካሉ በኩል አሞንያ የሚባል መርዝ ዘወትር ይወጣል። ከዓሣው የተረፈውም ምግብ ከገንዳው ግርጌ ሲበሰብስ ይኸንኑ አሞንያ ይጨምራል። በሐይቅ ውስጥ ውኃው ብዙ ስለሆነ መርዙ ተበትኖ ይጠፋል፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ዕለት ዕለት ይከማቻል። እርግጥ ነው፥ በአሸዋውና በመስታወቱ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ዳሩ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቍጥር እስኪራቡ ድረስ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉ። አዲስ ገንዳ በመጀመሪያው ወር ዓሦቹን የሚገድለው ስለዚህ ነው።

ተክል ግን ለዓሣ መርዝ የሆነውን አሞንያ እንደ ምግብ ይወስደዋል። ይህን የዓሣና የተክል ወዳጅነት በመስታወት ዕቃ ውስጥ መርምሮ ከገለጡት ሰዎች አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በ1849 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔርያ የሚባል የውኃ ሣር አኖረ። ጥቂት ቈይቶ የሣሩ አሮጌ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ቢያደፈርስበት፥ የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ ውኃውም ጠራ። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሣው ተክሉን ይመግባል፤ ቀንድ አውጣውም ቤቱን ይጠርጋል። ዋሪንግተን ይህን ሥራውን በ1850 አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላም፥ በ1853፥ የለንደን የእንስሳት ማሳያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ።

በዘመናችንም ዳያና ዋልስታድ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ መንገድ በሰፊው አብራርታለች። በእርሷ አሠራር ከገንዳው ግርጌ ተራ የአትክልት አፈር ይነጠፋል፤ በላዩም አሸዋ ይለበሳል፤ ተክል በብዛት ይተከላል፤ የዓሣው ቍጥር ግን ጥቂት ይሆናል። በዚህ ዐይነት ገንዳ ውስጥ የማጣሪያውን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ተክሎቹ ናቸው። መብራት በሚቋረጥበት ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ከውኃ ተክሎች ሁሉ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚበረቱት በውኃው ላይ የሚንሳፈፉት ናቸው። ምክንያቱም ሦስት ነው። 1ኛ፥ ተክል ሁሉ ለማደግ የተቃጠለ አየር ያስፈልገዋል። ይህ አየር በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ያህል በዝግታ ስለሆነ፥ በውኃ ውስጥ የተዋጠ ተክል ዘወትር ይራባል። ተንሳፋፊው ግን ቅጠሉን በአየር ላይ ዘርግቶ የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል። 2ኛ፥ ከሁሉ በላይ ስለሚቀመጥ ብርሃኑን የሚሻማው የለም። 3ኛ፥ ሥሩ በአፈር ውስጥ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር ምግቡን የሚያገኘው ከራሱ ከውኃው ነው። ስለዚህም በፍጥነት ያድጋል፤ በፍጥነት ማደጉም አሞንያውንና ናይትሬቱን በፍጥነት መውሰዱ ነው። ውኃን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ምግቡን ሲነጠቅና ብርሃኑ ሲጋረድበት ይመነምናል።

ዐይነታቸው ብዙ ቢሆንም አራቱን ላመልክት። የመጀመሪያው ሌምና ይባላል፤ ቅጠሉ ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ በረጋ ውኃ ላይ በብዙ የዓለም ክፍል ይገኛል። ከተመቸው በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ ስለሚሆን ውኃን ለማጥራት ወደር የለውም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የገባበትን ገንዳ ፈጽሞ አይለቅምና አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው ሳልቪንያ ነው፤ በቅጠሉ ላይ ውኃ የማያስነካ ጥቃቅን ጠጕር አለው። ሦስተኛው ፒስቲያ ሲሆን ትንሽ ሰላጣ ይመስላል፤ ረዣዥም ሥሩም እንደ ጺም ወደ ታች ይወርዳል። አራተኛው ሊምኖቢየም የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ክብና ወፍራም ቅጠሉ በእጅ ለመልቀም ስለሚመች ለጀማሪ ይስማማል። የእነዚህ ሥር ለጫጩት ዓሦች መሸሸጊያ ስለሚሆን፥ ትልልቆቹ ልጆቻቸውን እንዳይበሉ ይከለክላል።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይጀመራል? 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ውኃው ብቻውን 60 ኪሎ ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጽኑ ይሁን። ማዳበሪያ ያልነካው የአትክልት አፈር በወንፊት ነፍቶ ሁለት ጣት ያህል ማንጠፍ፥ በላዩም የታጠበ አሸዋ በዚያው ልክ ማልበስ ነው። ከዚያ ሥር ሰዳጆቹን ተክሎች በአሸዋው ውስጥ መትከል፤ አፈሩ እንዳይታወክም ሰሐን አስቀምጦ በሰሐኑ ላይ ውኃውን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይገባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ በባልዲ ተቀድቶ አንድ ሙሉ ቀን ክፍት ሆኖ ቢያድር፥ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። ተንሳፋፊዎቹን መጨመር በዚያው ዕለት ነው። ዓሣውን ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ታግሦ፥ ተክሎቹ አዲስ ቅጠል ማውጣታቸውን አይቶ፥ አራት ወይም አምስት ብቻ ማስገባት ነው። እኔ የተሳሳትሁት በዚህ ነበር፤ ልጆቹ ቸኰሉብኝ፥ እኔም አብሬያቸው ቸኰልሁ።

የዓሣው ምርጫም አስተዋይነት ይጠይቃል። ወርቃማው ዓሣ ብርዱን ቢችልም ሌምናን እንደ ጎመን ይበላዋል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ተክሉን አይጐዳም፤ ነገር ግን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ የሆነ ሙቀት ስለሚወድ በደጋ አገር ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

በደጋ ስለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን መጨመር አስፈላጊ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በ20 ዲግሪ ሙቀት፥ በባሕር ጠለል አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ በአዲስ አበባ የሚይዘው 7 ያህል ነው። ከባሕር ዳር አገር የተጻፈ መመሪያ «አሥር ዓሣ አግባ» ቢል፥ እኛ ከዚያ አሳንሰን መቍጠር አለብን። ደግሞም ኦክስጅን ከአየር ወደ ውኃ የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ተንሳፋፊው ተክል ገጹን ሁሉ ቢሸፍነው መግቢያው ይጠባል፤ ሌሊትም ተክሎቹ ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ማለዳ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ሲያዛጋ ብታዩት ይህ ደርሷል ማለት ነውና፥ ሳትዘገዩ የተክሉን እኩሌታ አንሡለት።

ስለዚህ ደንቡ ከገጹ ከእኩሌታው በላይ አለማስሸፈን ነው። ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ፤ ቀጭን የአየር ጎማ ቈርጦ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ክብ ቀለበት መሥራትና በውኃው ላይ ማንሳፈፍ ነው። ተክሉ ከቀለበቱ ውጭ ይቀራል፤ በቀለበቱ ውስጥ ብርሃኑ እስከ ግርጌው ይወርዳል፤ ምግቡም በዚያ በኩል ይሰጣል። ውኃውን የሚያናውጥ ማጣሪያ ወይም መንፊያ ካለ ኀይሉ ይቀነስ፤ ተንሳፋፊ ተክል የረጋ ውኃ ይወዳል። ክዳኑም ግጥም ያለ እንደ ሆነ እንፋሎቱ እየተንጠባጠበ ቅጠሉን ያበሰብሰዋልና ጥቂት ክፍተት ይተውለት። መብራቱ በቀን 10 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃል።

ተክሉ የውኃውን ሁኔታ ይናገራል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቢገረጡ ናይትሮጅን አንሶታል፤ በዓሣው ጥቂትነት ምክንያት ምግብ አጥቷል ማለት ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ገርጥተው ቢወጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብረት ጐድሎታል። በየቀኑ እየበዛ ከሄደ ግን ዓሦቹ ከመጠን በላይ እየተመገቡ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን ከተክሉ ጥቂቱን መልቀም ያስፈልጋል፤ ከገንዳው መርዙ ፈጽሞ የሚወጣው ተክሉ ሲወጣ ነውና። ያልተለቀመ ተክል በስብሶ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ለውኃው ይሰጣል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልናገር። አንድ ቀን ተማሪዎቼ የለቀሙትን ተክል ባልዲ ሞልተው ካወጡ በኋላ፥ አንደኛው ልጅ ባልዲውን አንሥቶ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ሊደፋው ሲሄድ ደረስሁበት። «ለምን ወደዚያ ትወስደዋለህ?» ብለው፥ «የውኃ ተክል አይደለም እንዴ? ወደ ውኃው ልመልሰው ነው» አለኝ። ልጁ በደግ ልብ ተናገረ፤ ሐሳቡ ግን አደገኛ ነበር።

እምቦጭ የምንለው አረም ተወላጅነቱ ከደቡብ አሜሪካ ከአማዞን ተፋሰስ ነው። እርሱም እንደ እነዚህ የሚንሳፈፍ ተክል ሲሆን፥ ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ እያሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በ1958 በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ ታየ፤ በ1965 በእኛ አገር በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ተገኘ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ፤ እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል፤ ማሽንም ተሰማርቶበታል። የነቀሉት ስፍራ ተመልሶ ይለብሳል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያልና። አረሙ በተነጠፈበት ብርሃን ስለማይገባ ዓሣው ይታፈናል፤ የዓሣ አጥማጁ መረብ ይያዛል፤ ታንኳው መንገድ ያጣል። በገንዳችን ውስጥ ገጹ ሁሉ ሲሸፈን ያየነው ጥፋት ይኸው ራሱ በሐይቅ ልክ ሆኖ ይታያል።

ፒስቲያም፥ ሳልቪንያም፥ ሌምናም ቢሆኑ የመባዛት ጠባያቸው የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ የተለቀመው ተክል ወደ ወንዝ፥ ወደ ኩሬ፥ ወደ ጐርፍ መውረጃም አይጣል። በፀሐይ ላይ አስጥቶ ፈጽሞ ማድረቅ፥ ከደረቀም በኋላ ለጓሮ አትክልት ፍግ ማድረግ ነው፤ ሌምናን ዶሮዎችም ደስ ብሏቸው ይበሉታል። የገንዳው ውኃ ሲለወጥ በአበባ ሥር ይፍሰስ። እምቦጭን ግን አበባው ቢያምርም በገንዳም በኩሬም ማኖር ፈጽሞ አይገባም።

ያ ልጅ ባልዲውን መለሰ፤ ተክሉን በቆርቆሮ ላይ አሰጣነው፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ጭድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የገንዳው ጠባቂ እርሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቅማል፥ ያሰጣል፥ ስንት ቅጠል እንደ ለቀመም በደብተሩ ይጽፋል። ባለፈው ጊዜ አንድ ዓሣ ሞቶ ቢያገኝ ወደ እኔ መጥቶ ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ደብተሩን ገልጦ ሁለት ቅዳሜ ሳይለቅም ማለፉን አሳየኝና፥ «ምክንያቱ ይህ ነው» አለኝ። እኔ ለክፍሉ ልጆች ያልሰጠሁትን መልስ እርሱ ሰጠ።