የሚታጠፍ ዓምድ

በሰሙነ ሕማማት ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው፥ ምእመናን አንድ ጊዜ ቀጥ ብለው እየቆሙ፥ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን ከምድር እያስነኩ፥ ከጧት እስከ ሠርክ ሲሰግዱ ያያል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ መውደቅና መነሣት የሚችለው የሰውነት ክፍል ከቆዳና ከሥጋ በታች ተሰውሮ ስለሚኖር፥ እስኪታመም ድረስ የሚያስበው ጥቂት ነው። ይህም አከርካሪ ነው።

የቤት ምሰሶ ለመሸከም እንጂ ለመታጠፍ አልተሠራም፤ ገመድም ይታጠፋል እንጂ ሸክም አያቆምም፤ አከርካሪ ግን የሁለቱን ጠባይ አስተባብሮ፥ በዚያም ላይ ከአንጎል የሚወርደውን ሐብለ ሰረሰር የመጠበቅ ግብር ተጨምሮበት ይኖራል። ይህ ሁሉ የተቻለው አንድ ወጥ አጥንት ባለመሆኑ ነው። በሕፃንነት 33 ከሚሆኑት አንጓዎች የታችኞቹ በዕድገት ጊዜ ስለሚዋሐዱ፥ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱት 24 ብቻ ናቸው፤ 7 በአንገት፥ 12 ጎድኖች በተያያዙበት በደረት በኩል፥ 5 በወገብ። ከእነዚህ በታች ከ5 አንጓዎች የተዋሐደው ሦስት ማዕዘን አጥንት ከዳሌ አጥንቶች መካከል እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይገኛል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ትንሹ የጭራ አጥንት አለ። ያን ያህል አንገት የተሸከመችው ቀጭኔ እንኳ የአንገቷ አንጓዎች እንደ እኛው 7 ናቸው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ርዝመት ነው።

ከአንገት አንጓዎች የላይኛው ቀለበት ብቻ ሆኖ የራስ ቅልን ይቀበላል፤ ‹‹እሺ›› ብለን ራሳችንን ዝቅ ከፍ ስናደርግ ንቅናቄው በአብዛኛው በዚህ መገናኛ ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ላይ የቆመ ጥርስ መሳይ ችንካር ስላለው፥ ቀለበቱ በዚያ ዙሪያ ይዞራል፤ ‹‹አይሆንም›› ስንል ራሳችንን ግራና ቀኝ የምናዞረው በዚህ ነው። እሺታና እምቢታ እንግዲህ ለየራሳቸው የተመደበ መገጣጠሚያ አላቸው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው፥ በአንጓና በአንጓ መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈውን፥ ሐኪሞች ዲስክ የሚሉትን ነው። ዳሩ በተደራረቡ ብርቱ ክሮች የታጠረ፥ መካከሉም ውኃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር የያዘ ሲሆን፥ የአከርካሪን ርዝመት ሩብ ያህል የሚሞሉት እነዚህ ትራሶች ናቸው። ሰው ቆሞና ተቀምጦ ሲውል የገዛ ክብደቱ ውኃውን ቀስ በቀስ ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ተጋድሞ ሲያድር ደግሞ ይመለስላቸዋል፤ ስለዚህ ማናችንም ብንሆን ጧት ከመኝታችን የምንነሣው ከማታው ቁመታችን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ረዝመን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው እየጎደለ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎች የሚያጥሩበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የዳሩ አጥር ሲሰነጠቅ መካከለኛው ዝልግልግ ሾልኮ ነርቭን ይጫናል፤ ሕመሙም ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ይወርዳል። ሕዝቡ ‹‹የዲስክ መንሸራተት›› ይለዋል፤ ዳሩ ግን ዲስኩ የሚፈነዳ እንጂ ከስፍራው የሚንሸራተት አይደለም። ሰው ጎንበስ ሲል በወገብ ዲስኮች ላይ የሚያርፈው ጫና ቀጥ ብሎ ከቆመበት ጊዜ ይበልጣል፤ ከእንጦጦ ጋራ ጭራሮና ቅጠል አዝለው፥ ፊታቸው ወደ መሬት እስኪያይ ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች ባየሁ ቁጥር፥ ያ ሁሉ ሸክም የሚያርፍባቸውን እነዚያን ጥቂት ትራሶች አስቤ ልቤ ያዝናል።

ሐብለ ሰረሰር በአንጓዎቹ ቀዳዳ ውስጥ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ግራና ቀኝም 31 ጥንድ ነርቮችን ይሰድዳል። በጎልማሳ ሰው ግን እስከ ታች አይደርስም፤ በወገብ የመጀመሪያና ሁለተኛ አንጓ አካባቢ ሲያበቃ፥ ከዚያ ወዲያ የሚወርዱት እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረጉ ነርቮች ናቸው። ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሕመምተኛ ከወገቡ ፈሳሽ ሲቀዳለት ሽባ እሆናለሁ ብሎ መፍራቱ የተለመደ ቢሆንም፥ ሐኪሙ መርፌውን የሚያስገባው ሐብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው።

ከጎን ሲያዩት አከርካሪ አራት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ ሆኖም ሁሉም ጥምዝ ከማኅፀን ጀምሮ የተሟላ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ጀርባው እንደ አንድ ቅስት ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ራሱን ቀና ማድረግ ሲጀምር የአንገቱ ጥምዝ፥ ዳዴ ብሎ ለመቆም ሲነሣ ደግሞ የወገቡ ጥምዝ ይጸናል። የአንጓዎቻችን ቁጥር ከጥንት የመጣ ለመሆኑም ምስክር አለ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአፋር ምድር ዲኪካ በተባለው ስፍራ፥ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን፥ ሰላም የተባለችውን ሕፃን አፅም አገኘ፤ አከርካሪዋን ከያዘው ደንጊያ ለመለየትም ብዙ ዓመት ፈጀ። አንጓዎቿ ሲቈጠሩ በአንገት 7፥ በደረት 12 ሆነው ተገኙ፤ ቺምፓንዚ በደረቱ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሲኖረው፥ የሰላም ቁጥር ግን እንደ እኛው ነበር።