ጊታሩ ዝም ሲል

ለእረፍት ሲሪንቃ የመጣው የልጅ ልጄ ዲጂታል ጊታሩ ዝም አለበት። አባቱ «ሰበርከው!» ብሎ ሊቆጣ ሲነሳ፣ ጡረተኛ ነርስ ነኝና «መጀመሪያ ይመርመር» አልኩ።

የዚህ ጊታር ድምፅ የሚቀረጸው ውስጡ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ባትሪውን፣ ገመዱን፣ የድምፅ መጠኑን በተራ አየን። ገመዱ ሳይነቀል ስላደረ ባትሪው አልቆ ኖሯል።

ቁልፉን አዙሮ ቅኝት ሲለውጥም ክሩ አይላላም፤ ድምፁን የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ነው። ክሮቹ አስቀድመው በትክክል ካልተቃኙ ግን የወሎዎቹ ባቲና አምባሰል ይዛባሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ከቁጣ በፊት መርምሩ። የጆሮ ማዳመጫውንም ድምፅ አስቀንሱ፤ ባትሪ ይተካል፣ በጩኸት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ግን አይተኩም።