ጫትና የአእምሮ ጤና፦ በኤረር በር ዙሪያ

የሐረር ጀጎል ምሥራቃዊ መግቢያ በሆነው በኤረር በር አካባቢ ጫት የገበያ ሸቀጥ ብቻ አይደለም። የገበሬው ገቢ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የደስታና የሐዘን ማሳለፊያ ነው። ስለዚህ በደፈናው ማውገዝ ለሰበካ ጉባኤያት ቀላል፣ ለታመመው ወጣት ግን እምብዛም የማይጠቅም መንገድ መስሎ ይታየናል። የሚበጀው ቅጠሉ በአእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ተለይቶ ታውቋል። አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ይደክማል፤ የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉትም ለዚህ ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ምርቃናው፣ የወሬው መብዛት፣ የእንቅልፉ መጥፋት ከዚህ ይመጣሉ። ሲያልፍ ድባቴና ብስጭት ይከተላሉ፤ መቃም ያቋረጠውን ሰው በሌሊት የሚያስጨንቀው፣ ሕዝቡ ዱካክ የሚለው ቅዠትም ከዚሁ ወገን ነው።

አብዛኛውን ቃሚ የአእምሮ ሕመም አይዘውም። ሆኖም በየዕለቱ በብዛት የሚቅም፣ በተለይም ቀድሞ የታመመ ወይም በቤተሰቡ ሕመሙ ያለበት ሰው፣ «ይከታተሉኛል፣ ምግቤን መርዘውታል» ማለት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ሊጀምር ይችላል። መቃሙ ሲቆም ይህ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል፤ ካልለቀቀ ሐኪም ከሥሩ ሌላ ሕመም መኖሩን ይመረምራል። ምርቃናን በመጠጥ መስበር፣ ጨብሲ የሚሉት፣ ነገሩን ያባብሰዋል።

ካህናትን በቅርብ የሚመለከተው ግን የሚከተለው ነው። ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያመጣው ወደ ጠበል ነው። በዚያ አይቅምም፣ እንቅልፉም ይመለሳል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ሊረጋጋ ይችላል። ያን ጊዜ «ድኗል» ተብሎ የሐኪሙ መድኃኒት ይቋረጣል፤ ወደ ባርጫው ሲመለስም ሕመሙ ያገረሻል። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። የንስሐ አባት ታማሚው እንዳይታሰር፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ቢመክር ቤተሰቡ ይሰማዋል። ለሐኪሙም፣ ለምሳሌ በሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ምን ያህል እንደቃመና ስንት ሌሊት እንዳልተኛ በግልጽ ይነገረው፤ ቤተሰብ በሐፍረት ጫቱን ሲደብቅ ሐኪሙ ይሳሳታልና። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚዝት ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ሱባኤው እስኪፈጸም አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።