ፓፓያና የልጆች ዓይን

አንዳንድ ልጅ ቀን ቀን ደህና ያያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ግድግዳ ይዳብሳል፤ ከበርጩማ ጋር ይጋጫል። ይህ በሽታ ዳፍንት ይባላል። እርግማን አይደለም። ቡዳም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በምግባችን ውስጥ ቪታሚን ኤ ሲያንስ ነው። ካልታከመ ዓይንን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል።

ለዚህ ከሚጠቅሙን ፍራፍሬዎች አንዱ ፓፓያ ነው። የበሰለ ፓፓያ ውስጡ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው። ሰውነታችን ከዚህ ቀለም ቪታሚን ኤ ይሠራል። ፓፓያ ቪታሚን ሲም አለው። በ100 ግራም ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል። ይህም አንድ ትልቅ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላይ ነው። ቪታሚን ሲ ድድን ይጠብቃል፤ ቁስል ቶሎ እንዲድን ይረዳል።

«ፍራፍሬ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ሆድ አይሞላም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ፓፓያ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እንጀራን አይተካም። ነገር ግን እንጀራ የማይሰጠንን ይሰጠናል።

እንዴት እንብላው? የበሰለውን አጥበን፣ ልጠን፣ ፍሬውን አውጥተን፣ ሎሚ ጨምቀንበት እንበላለን። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን አድቅቀን በንጹሕ ማንኪያ እንሰጠዋለን፤ ጡቱን ግን አናስጥለውም። አረንጓዴው ፓፓያም አይጣልም። ተልጦና ተከትፎ በሽንኩርትና በዘይት እንደ ዱባ ወጥ ይሠራል። ሥጋ አልበስል ብሎ ካስቸገረ፣ ጥቂት የአረንጓዴ ፓፓያ ቁራጭ ብንጨምርበት ይለሰልሳል። ነጩ ወተቱ ሥጋን የሚያላላ ነገር አለውና። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አረንጓዴውን ባትበላ ይሻላል፤ ወተቱ ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል።

ፓፓያ ቆላና ሞቃት ወይና ደጋ ይስማማዋል። ውርጭ ይገድለዋል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬትም ሥሩን ያበሰብሰዋል። በደንብ ከተያዘ በዓመቱ ገደማ ያፈራል። ወንዴና ሴቴ ዛፍ ስላለው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ እንተክላለን። ሲያብብ ወንዴዎቹን እንነቅላለን፤ ለማዳቀል ጥቂት ብቻ እናስቀራለን።

ጨውና ሳሙና መግዣ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ቢሆንም ፍሬው ሁሉ ገበያ አይውጣ። ከአሥሩ ሁለቱ ለልጆች ይቅር። ዳፍንት የያዘውን ልጅ ግን ፓፓያ ብቻውን አያድነውም። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጥያቄዎች
1. ዳፍንት ከምን ይመጣል?
2. አረንጓዴ ፓፓያ ለምን ይጠቅማል?
3. በጓሮአችሁ ፓፓያ የት ቢተከል ይስማማዋል?