ቲቸር ያሰለፋቸው አሥራ አንድ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ያላት ከተማ የፈለገ ሰው መንገዱን እስከ መጨረሻው መጓዝ አለበት። የባሕር ዳር ከተማ ክለብም ቢሆን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች አንድ ሰው «የእኛ ቡድን» ሲል፣ አርሴናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ማለቱ ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ቡድን ማለቱ ነው።

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአንድ በኩል ቢቸና፣ በሌላ በኩል ሞጣ አሉ፤ ሁለቱም በአውራጃው ዘመን የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩ። ዛሬ አውራጃ የሚባል መዋቅር የለም፤ ሁሉም ከደብረ ማርቆስ በሚመራው በምሥራቅ ጎጃም ዞን ሥር ናቸው። የኳስ ፉክክሩ ግን እስካሁን በአውራጃ ልክ የሚያስብ ይመስለኛል። ከሁለት ትልልቆች መሃል ያለች ከተማ ልጅ ማንን ማሸነፍ እንደሚፈልግ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ቡድኑ የሚወለደው ከክፍሎች ውድድር ነው። 9ኛ ኤ ከ9ኛ ሲ፣ 10ኛ ቢ ከ11ኛ ኤ ይገጥማል። ሽልማቱ አንዳንዴ ዋንጫ፣ አንዳንዴ አዲስ ኳስ፣ አንዳንዴ ደብተር ነው። ፊሽካ የሚይዘው ከመምህራኑ አንዱ ስለሚሆን ዳኛውን የሚሳደብ ተማሪ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደሚያገኘው አይጠፋውም፤ ይህ ከቀይ ካርድ የበለጠ ያስተካክላል። ማሊያ ከሌለ አንዱ ቡድን ሸሚዙን ያወልቃል። ታኬታ ያለው ጥቂት ነው፤ የቀረው በሸራ ጫማ፣ በኮንጎ ወይም በባዶ እግሩ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ቡድን የሚመረጠው ከዚህ ትርምስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው መሰላል በወረዳ፣ በዞንና በክልል የትምህርት ቤቶች ውድድር በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛው ቡድን ግን ከመጀመሪያዎቹ እርከኖች አያልፍም። ከጎረቤት ከተማ ጋር የሚደረገው የወዳጅነት ግጥሚያም ስሙ ብቻ ነው የወዳጅነት።

የገጠር ትምህርት ቤት ቡድንን ለማወቅ ኳሱን ብቻ ማየት አይበቃም። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከቀበሌያቸው መጥተው፣ ሦስትና አራት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ሲያልቅ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ቤት በእግር ይሄዳሉ፤ እሁድ ማታ እንጀራና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ልምምድ ያዘዘ አሰልጣኝ የከተማ ልጆችን ብቻ ነው የሚያገኘው። የቅዳሜ ግጥሚያ ከሆነ ደግሞ የአጥቂው ስንቅ በማን እጅ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። አገሩ የጤፍ አገር ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ሥራ ሲደርስ ተከላካዩም በረኛውም ማሳ ላይ ናቸው። ክረምቱ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ከፈተናው፣ ከአጨዳውና ከዝናቡ የተረፈው ጊዜ ሲታይ ለኳስ የሚቀረው ጥቂት ነው።

አየሩም የራሱ ጠባይ አለው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ሲጮኹበት መጀመሪያ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፣ በዓመቱም አነሳው። ቁጥሩ እንዳለ ቢቀር ኖሮ የእኛ ሜዳዎች በሜትር ተለክተው ግማሾቹ ሕገወጥ በሆኑ ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስ ከታሰበው በላይ ይበራል።

አሁን ወደ አሰልጣኙ። በትምህርት ቤት መዋቅር ውስጥ አሰልጣኝ የሚባል የሥራ መደብ የለም፤ ያለው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉታል። ሜዳ ላይም «ቲቸር» ነው፤ ተቀያሪ ሲጠራም፣ ሲቆጣም፣ ሲሸነፍም። ከዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ተምሮ የመጣው ወጣት መምህር በወረቀት ላይ አሰላለፍ ይስላል፣ ኳስ መሬት ለመሬት እንድትሄድ ይፈልጋል። በቦታው የቆየው ደግሞ ሜዳውን ያውቀዋል። ሜዳው ተዳፋት ከሆነ ሳንቲም ሲጣል የመጀመሪያውን አጋማሽ ሽቅብ መጫወት እንዲመርጥ አምበሉን ይመክረዋል፤ እግር ሳይደክም ሽቅቡን መጨረስ፣ ከዕረፍት በኋላ ቁልቁል መልቀቅ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ጎርባጣ ሜዳ ላይ አጫጭር ቅብብል መማር መልካም ነው፣ ግጥሚያ የሚያሸንፈው ግን ጎርባጣው የት እንዳለ የሚያውቅ ነው።

በሁለቱም ዘንድ የማይናወጥ አንድ ሕግ አለ፦ ከክፍል የቀረ አይሰለፍም። ጎበዙ አጥቂ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጠፍቶ ከተገኘ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ደጋፊው ቢጮህም። ችግሩ ሕጉን ያወጣው መምህር ራሱ አለመቆየቱ ነው። ዝውውር ይጠይቃል፣ ያገኛል፣ ይሄዳል። ያስተማረው ሁሉ በአምበሉና በትልልቆቹ ተማሪዎች በኩል ካልተላለፈ አብሮት ይሄዳል። የሴት ተማሪዎች ቡድን ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሜዳውን የሚያገኘው ወንዶቹ ሲጨርሱ፣ ኳሱንም እነሱ ሲተዉት ነው፤ ለዚህ ምንም በቂ ምክንያት አልተሰጠም።

በአገራችን የኳስ ታሪክ ትምህርት ቤት የዳር ቦታ አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ቡድን አሰለጠነ፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ጃፓኖች ይህን መንገድ እስከ ዛሬ ክፍት አድርገውታል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1917 የተጀመረ ሲሆን አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ይከታተለዋል። ሹንሱኬ ናካሙራና ኬይሱኬ ሆንዳ የክለብ ታዳጊ ቡድኖች ሳያሳልፏቸው ሲቀሩ በትምህርት ቤት ኳስ በኩል ነው ብቅ ያሉት። እነሱ ክለብም ትምህርት ቤትም አላቸው፤ የግንደወይን ልጅ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ፉክክሩን ያከረረው የትምህርት ፖሊሲም ጭምር ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ያለፈው 11ኛና 12ኛን በመሰናዶ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። መሰናዶ የሌላት ከተማ በ10ኛ ክፍል ያበሰለችውን አማካይ ለጎረቤቷ ታስረክብ ነበር ማለት ነው። በዓመቱ ያው ልጅ የሌላ ትምህርት ቤት ማሊያ ለብሶ ይመጣና የቀድሞ ጓደኞቹን ይገጥም ነበር፤ በረኛው በየትኛው በኩል እንደሚደክም ያውቃል። ደጋፊው ይህን ክህደት ይለው ነበር። ልጁ ምን ያድርግ? ፈተና አለፈ እንጂ ክለብ አልቀየረም። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል፣ ቂሙ ግን ከፈተናው ይረዝማል።

ደጋፊውን በተመለከተ፣ ጎጃም በዚህ አዲስ አይደለም። በገና ጨዋታ መንደር ከመንደር ተከፍሎ ሩር ሲመታ፣ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲያበሻቅጥ፣ ጭሰኛው እንኳ በዚያች ቀን ባለርስቱን ቢሰድብ አይቆጡትም ነበር። የትምህርት ቤት ኳስ ይህን ፈቃድ ወርሷል። ጎል ሲገባ ሆታ ነው፤ ሲቆጠርበት ደግሞ የተጋጣሚውን አሰልጣኝ እስከ ትውልድ ቀበሌው የሚያነሳ ግጥም እዚያው ይፈጠራል።

ክርክሩ የሚጀምረው ግን ፊሽካ ከተነፋ በኋላ፣ ቡና ቤትና ፑል ቤት ውስጥ ነው። ጭብጦቹ የታወቁ ናቸው። «አምስት ቁጥሩ ተማሪ አይደለም፣ ልጅ ያለው ሰውዬ ነው።» «ዳኛው የእነሱ አገር ሰው ነው።» «ኳሷ መስመር አልፋለች፣ እኔ ከጎሉ ኋላ ነበርኩ።» ከጎሉ ኋላ የነበረው ሰው ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። ይህን ሁሉ እንደ ወሬ የሚንቅ ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። የእነዚህ ግጥሚያዎች ውጤት በጋዜጣ አይወጣም፣ በሬዲዮ አይነበብም። ዓመተ ምሕረት እንኳ የሚቆጠረው በሰው ነው፦ «ቲቸር እገሌ የነበሩ ጊዜ»፣ «እገሌ 12ኛ ክፍል እያለ»። የተጋነነም ቢሆን መዝገቡ ያ ክርክር ብቻ ነው። አንዱ ሲያጋንን ሌላው እያረመው፣ ከሁለቱ መሃል ውጤቱ ብዙ ጊዜ በትክክል ይገኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ለቡድን የዚህ ትርጉሙ በሒሳብ ይታያል። የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ አራት ዓመት ነው፤ የ12ኛ ክፍሉ አምበል ለ9ኛ ክፍሉ ጀማሪ የሚያስተላልፈው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲጎድሉ የቀድሞውን ቡድን ያየ ተጫዋች አይኖርም፣ ቲቸርም ምናልባት ሌላ ሆኗል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ደወሉ ዳግም ሲደወል ከ9ኛ ኤና ከ9ኛ ሲ መጀመር አለበት፤ ሞጣና ቢቸና የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።