የባዘነን ሐሳብ ወደ አሁኒቱ ሰዓት ስለ መመለስ

የሰው አካል በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሳለ ሐሳቡ ትናንት ወደ ተነጋገረው ነገር ወይም ነገ ወደሚከፍለው ዕዳ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። በ2010 ዓ.ም. ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በቀኑ ልዩ ልዩ ጊዜያት በስልክ እየጠየቁ ሐሳባቸው በያዙት ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን መርምረው ነበር። ከመልሶቹ ከመቶ 47 ያህሉ ሐሳባቸው ሌላ ስፍራ እንደ ነበረ የሚገልጹ ሆነው ተገኙ፤ ሐሳባቸው በባዘነበት ጊዜም ደስታቸው አነስተኛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የሐሳብ መባዘን የጥቂት ሰዎች ጉድለት ሳይሆን የሰው ሁሉ ጠባይ መሆኑን አስቀድመን እንረዳ።

ይህን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ በጥንቃቄ ከተመለከቱት ሰዎች መካከል በጃፓን አገር የሚኖሩ የዜን መነኮሳት ይገኛሉ። ዜን ከቻይና ወደ ጃፓን የተላለፈ የቡድሃ ሃይማኖት ክፍል ሲሆን፣ ጸጥ ብሎ መቀመጥን እንደ ዋና ሥራ ይቈጥራል፤ ይህም አቀማመጥ ዛዜን ይባላል። ዶጌን የተባለው መነኵሴ በ1223 ዓ.ም. ወደ ቻይና ሄዶ ተምሮ በ1227 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ስለ አቀማመጡ ሥርዓት አጭር መመሪያ ጽፏል፤ በ1244 ዓ.ም. የመሠረተው ገዳምም ኤይሄይጂ ተብሎ እስከ ዛሬ ይገኛል። እኛ ግን እዚህ የምንመለከተው ሃይማኖቱን ሳይሆን ለአእምሮ ጤና የሚጠቅመውን ልምምድ ነው።

ተቀማጩ በወፍራም ክብ ትራስ ላይ ሆኖ እግሮቹን ያጣምራል፤ ጕልበቶቹም ምንጣፉን ይነካሉ። ጀርባውን ያቀናል፤ ግራ እጁን በቀኝ መዳፉ ላይ አኑሮ የአውራ ጣቶቹን ጫፎች በቀስታ ያገናኛል። ዓይኖቹን ግን አይጨፍንም፤ የተጨፈነ ዓይን እንቅልፍንና ሕልም መሰል ሐሳብን ይጠራልና። ይልቁንም ዝቅ አድርጎ ከፊቱ አንድ ሜትር ያህል ወደ ራቀ ስፍራ ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ጀማሪው ትንፋሹን በልቡ ከ1 እስከ 10 ይቈጥራል። 4 ወይም 5 ላይ ሳይደርስ ሐሳቡ ይኰበልላል፤ ወይም ሳያውቀው 14 እና 15 እያለ ሲቈጥር ራሱን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ተመልሶ ከ1 ይጀምራል።

ብዙ ሰዎች ልምምዱን የሚተዉት በዚህ ስፍራ ነው። አእምሮን ከሐሳብ ሁሉ ባዶ ማድረግ የሚገባ መስሏቸው፣ ሐሳብ በመጣ ቍጥር «እኔ አልቻልሁም» ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልምምዱ ያለው ሐሳብ ባለመባዘኑ ሳይሆን በመመለሱ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ መቀመጥ ሃምሳ ጊዜ ቢባዝንና ሃምሳ ጊዜ ቢመለስ፣ ሃምሳ ጊዜ ተለማመደ እንጂ ሃምሳ ጊዜ አልወደቀም።

አመላለሱም ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ ሐሳብ መሄዱን ማወቅ፤ ሁለተኛ፣ ሐሳቡን አለመከተልና ከእርሱም ጋር አለመታገል፤ ሦስተኛ፣ ወደ ትንፋሽና ወደ ተቀመጠው ሰውነት መመለስ ነው። የትናንቱን ትንፋሽ ዛሬ፣ የነገውንም አሁን መተንፈስ አይቻልምና፣ ትንፋሽን የሚያስተውል ሰው በግድ በአሁኒቱ ሰዓት ይገኛል። ስለ መባዘኑ ራሱን የሚገሥጽ ሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ ባዘነ፤ ስላለፈው እያሰበ ነውና። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን መሥመር ቢስት፣ ብልህ መምህር ስንጥሩን ወደ ሆሄው መልሶ ትምህርቱን ይቀጥላል። በቍጣ ጊዜ ቢያባክን ግን ሆሄውም ሕፃኑም ያመልጡታል። ለራሳችንም እንደዚህ ያለ መምህር ልንሆን ይገባናል።

ሐኪሞችም ነገሩን መርምረዋል። በ1966 ዓ.ም. ካሳማትሱና ሂራይ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች የተቀመጡ መነኮሳትን የአንጐል ሞገድ በመሣሪያ እየመዘገቡ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ደጋግመው አሰሟቸው። የሌሎች ሰዎች አንጐል ድምፁን ለምዶ ምላሹን ሲቀንስ፣ የመነኮሳቱ አንጐል ግን ድምፁ በተሰማ ቍጥር እንደ መጀመሪያው ጊዜ መለሰ ብለው ጻፉ። በ1981 ዓ.ም. ተመሳሳይ ፈተና ያደረጉ ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ስላላገኙት ነገሩን እንደ ተቈረጠ ማስረጃ መያዝ አይገባም። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ዜንን የተማረው ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው ለረጅም ጊዜ ለቈየባቸው ሰዎች ከሃይማኖት የተለየ የልምምድ ፕሮግራም አቋቋመ፤ ይህም የ8 ሳምንት ትምህርት በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

ልምምዱን ለመሞከር የሚወድ አንባቢ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ጕልበቱን የሚያመው ሰው እግሩን ሳያጣምር በወንበር ላይ ጀርባውን አቅንቶና ሁለት እግሮቹን መሬት አስረግጦ ይቀመጥ። እግሩ የደነዘዘበት ሰው በድንገት አይነሣ። ይህ ልምምድ ግን የመድኃኒትና የሐኪም ምትክ አይደለም። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም የከባድ አደጋ ትዝታ የሚያስጨንቀው ሰው ሐኪም ሳያማክር ረጅም መቀመጥ አይጀምር፤ በመቀመጡም ጭንቀቱ ቢበረታበት ያቁም።

እንግዲህ የሚቀመጥ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደ ባዘነ ሳይሆን እንዴት እንደ ተመለሰ ይመልከት። በቍጣ ከተመለሰ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ በየዋህነት ከተመለሰ ግን ደርሷል።